የሠራተኞች የጤና ፕሮግራም የሕክምና ወጪን ይቀንሳል ወይ?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። 240 ቋሚ ሠራተኞች አሉን፤ የሕክምና ወጪያቸውን ድርጅቱ በደረሰኝ ይከፍላል። ላለፉት ሦስት ዓመታት በደም ግፊት፣ በስኳርና በኩላሊት ምክንያት የምናወጣው ገንዘብ በየዓመቱ እየጨመረ መጥቷል፤ ሁለት ሠራተኞቻችንም በስትሮክ ከሥራ ውጭ ሆነዋል። አንድ አማካሪ ለሁሉም ሠራተኛ የጂም አባልነት፣ በወር አንድ ቀን የጤና ትምህርት፣ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ የክብደት መቀነስ ውድድር ያለበት ፕሮግራም አቅርቦልናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወጪያችን በግማሽ እንደሚወርድም ነግሮናል። ለሥራ አመራሩ ላቅርበው ወይስ ልተወው?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ፕሮግራሙን በቀረበልዎት መልኩ ለሥራ አመራሩ እንዳያቀርቡት እመክራለሁ። ይህን የምለው በሥራ ቦታ በሽታን መከላከል አይቻልም ብዬ ስለማምን አይደለም። ሥር በሰደዱ በሽታዎች ክትትል ላይ ለዓመታት የሠራሁ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ጤና ሊያደርገው የሚችለው ነገር ሆስፒታል ከሚያደርገው የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የቀረበልዎት ፕሮግራም ገንዘቡን የሚያፈሰው ወጪው ከሚመነጭበት ቦታ ርቆ መሆኑ ነው። በሁለት ዓመት በግማሽ ይወርዳል የሚለው ተስፋ ደግሞ ከማውቀው ማስረጃ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ማስረጃውን ላስቀድም። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ ነው፤ በዚያ አገር አሠሪው የሠራተኛውን የጤና መድን ስለሚሸፍን የሕክምና ወጪ በቀጥታ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ካትሪን ቤከርና ባልደረቦቿ እስከዚያ ጊዜ የወጡትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የወጣ እያንዳንዱ ዶላር ከሕክምና ወጪ 3.27 ዶላር ያህል እንደሚያድን ደረሱበት። ቁጥሩ ማራኪ ስለነበር በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ተሰራጨ። ይሁን እንጂ ያችው ቤከር ከሐኪሙ ዚሩይ ሶንግ ጋር ሆና ጥያቄውን ይበልጥ ጥብቅ በሆነ መንገድ፣ በዕጣ፣ መልሳ ፈተነችው። 33 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ካሉት አንድ ትልቅ የችርቻሮ ኩባንያ 160 የሥራ ቦታዎች መካከል 20ዎቹ በዕጣ ተመርጠው ፕሮግራሙ ተጀመረላቸው፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከ18 ወራት በኋላ ፕሮግራሙ በገባባቸው ቦታዎች «ስፖርት እሠራለሁ፤ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ» የሚለው ሠራተኛ ቁጥር ጨምሯል፤ የደም ግፊታቸው፣ የኮሌስትሮል መጠናቸው፣ የሕክምና ወጪያቸውና ከሥራ የቀሩበት ቀን ግን ከሌሎቹ አልተለየም።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5 ሺህ በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ፣ ያም በዕጣ፣ የተሠራው ጥናት ደግሞ የቀድሞዎቹ ግምቶች ለምን እንደተሳሳቱ አሳይቷል። በፕሮግራሙ ለመሳተፍ የሚመጡት ከመጀመሪያውም የተሻለ ጤና ያላቸውና ብዙ የሕክምና ወጪ የሌለባቸው ሠራተኞች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የተሳተፈውን ካልተሳተፈው ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ ቀድሞ የነበረውን ልዩነት ፕሮግራሙ ያመጣው አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ እኛም ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። ቅዳሜ ማለዳ ድርጅቶች በሚያዘጋጁት ስፖርት ላይ የሚገኘውን ሰው ልብ ብለው ቢያዩት፣ ድሮም ከማራኪ ሰፈር እስከ ፒያሳ በእግሩ የሚመላለሰው ነው። የላይኛው ግፊቱ 170 የደረሰው፣ ራሱን ሲያመው የእንቅልፍ ማነስ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ግን አይመጣም። ድርጅትዎን ከፍተኛ ወጪ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው።

አሁን የምጠቅሰው ጥናት ለጥያቄዎ ከሁሉም የሚቀርብ ይመስለኛል። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም የፔፕሲኮ ኩባንያን የሠራተኞች ጤና ፕሮግራም የሰባት ዓመት መረጃ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን ሁለት ቦታ ከፍሎ አቅርቧል። አስቀድሞ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸውን ሠራተኞች በክትትል የሚደግፈው ክፍል ለአንድ ዶላር ወጪ 3.80 ዶላር መልሷል፤ ለሁሉም የተዘረጋው የአኗኗር ዘይቤ ክፍል ግን የመለሰው 50 ሳንቲም ብቻ ነው። የአሜሪካ ዋጋ ወደ ብር ተመንዝሮ እንዲሁ አይሠራም፤ ነገሩ የሚሄድበት አካሄድ ግን እዚህም ያው ነው። የአንድ ድርጅት የሕክምና ወጪ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል አይከፋፈልም፤ አብዛኛው የሚወጣው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ይህን በራስዎ መዝገብ ማረጋገጥ ስለሚችሉ፣ ማንኛውንም ውል ከመፈረምዎ በፊት የፋይናንስ ክፍሉ የሦስቱን ዓመት ደረሰኞች ስም ሳይጠቅስ ከትልቁ ወደ ትንሹ እንዲደረድርልዎት ይጠይቁ።

ከዚህ ተነሥቶ የአኗኗር ለውጥ ከንቱ ነው ማለት ደግሞ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታወቀው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ለስኳር በጣም ከተጋለጡ 3,234 ሰዎች መካከል የአኗኗር ለውጥ ያደረጉት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ነበር። ይህ ውጤት የተገኘው ግን በወር አንድ ቀን በአዳራሽ በሚሰጥ ንግግር አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አሠልጣኝ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት 16 ጊዜ ለብቻው ተገናኝቷል፤ የሰውነቱን ክብደት 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ግብ ተሰጥቶት በቅርብ ተከታትለውታል። የተመረጡትም የደም ስኳራቸው ተለክቶ መጨመር የጀመረ ሰዎች ናቸው። ድካሙ አደጋው ያለበትን ሰው ሲያገኝ ፍሬ ያፈራል ማለት ነው።

ወደ እርስዎ ድርጅት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። በዚህ ስሌት ከ240 ሠራተኞችዎ 38 ያህሉ ግፊት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ዕድሜያቸው የገፉ ሠራተኞች ብዙ ከሆኑ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። አብዛኞቹ ግን አያውቁትም፤ ግፊት ሕመም ሳያሰማ ዓመታት ይቆያል። ስትሮክ ሲመጣ የሚከተለውን እርስዎ በሁለት ሠራተኞችዎ አይተውታል። ከአልጋ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት ወጪው ሌላ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል፤ በቦታው ሌላ ሰው መተካት፣ ማሠልጠንም ያስፈልጋል። ስለ ቤተሰቡ የሚባለውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በሌላ በኩል የላይኛው የግፊት ቁጥር በመድኃኒት 5 ነጥብ ብቻ ሲወርድ በልብና በደም ሥር ላይ የሚደርሰው ከባድ አደጋ በ10 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት አረጋግጧል። መድኃኒቶቹም አዲስና ውድ አይደሉም፤ እንደ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ፣ በየጤና ጣቢያው የሚታወቁ ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው፤ ሲለኩ ግን በትክክል ይለኩ። በአንድ የሥራ ቦታ የተደረገ ልኬታ ትዝ ይለኛል፤ ሠራተኞቹ በሻይ ሰዓት ተሰልፈው፣ ቡናቸውን እንደጠጡ፣ ሹራባቸውን ሳያወልቁ፣ እርስ በርስ እያወሩ፣ አንዳንዶቹም ቆመው ተለኩ፤ ግማሾቹ «ግፊት አለብህ» ተብለው ደንግጠው ሄዱ። በሌላ ቀን በአግባቡ ስንለካቸው ከእነዚህ ብዙዎቹ ደኅና ነበሩ። ሰውየው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፤ እግሮቹን ሳያጣምር መሬት ያስረግጥ፤ ባዶ ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይኑር። ሁለት ጊዜ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ነው በሽታ ነው የሚባለው፤ 180 በ110 የደረሰ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑ፣ ቤተሰባቸው ውስጥ ስኳር ላለና ወፍራም ለሆኑ ሠራተኞች በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ይጨመር።

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አብዛኛው ጥረትም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ግፊት እንዳለበት የተነገረው ሰው ሁለት ወር መድኃኒት ይወስዳል፤ ደኅና ሲሆን ያቆማል። ለምን እንዳቆመ የሚጠይቀው የለም። አንድ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ታካሚዬ ነበረ፤ መድኃኒቱን ለስድስት ወር ትቶ፣ ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ ተመልሶ መጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው መጀመሪያ አፍሮ ዝም አለ፤ በኋላ «ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ስውጠው ሽንት እያመላለሰኝ፣ በሩን ጥዬ ስሄድ ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ጊዜ ይዞኛል» አለኝ። መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ነበር፤ ያስፈለገው ጠዋት ከሥራ ሲገባ እንዲወስደው ሰዓቱን ማዛወር ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ጂምም ንግግርም አያስፈልግም፤ በወር አንድ ጊዜ «መድኃኒትህን እየወሰድህ ነው ወይ? ምን አስቸገረህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ያ ሰው ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በከተማችን የተፈተነ ነገር ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ሕዝቡ ወዳለበት ይልክ ነበር። ከዚያም በኋላ የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የስኳር፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው በነርሶች እጅ እንዲመራ አድርገዋል፤ በሽተኛው ለአንድ ቀጠሮ ቀን ሙሉ መጓዙ ቀረለት። እርስዎ ለጂም ያሰቡትን ገንዘብ ከፊሉን በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለምትመጣ ነርስ ቢያውሉት፣ ሠላሳ ስምንቱንም ሠራተኞች በስም ታውቃቸዋለች፤ ማን እንደቀረ ታውቃለች፤ መድኃኒት ሳያልቅ ታስታውሳለች። ከዚህ ጋር ለክትትል ቀጠሮ የሚወጣ ሠራተኛ ቀኑ ከዓመት ፈቃዱ እንዳይቆረጥበት በጽሑፍ ይወሰን። ሠራተኛው ካርድ ለማውጣት ማለዳ ተሰልፎ፣ ለላቦራቶሪ ጠብቆ፣ መድኃኒት ፈልጎ እስኪመለስ ቀኑ ያልቃል፤ ለዚህ ደግሞ የአለቃውን ፊት ማየት ካለበት በሦስተኛው ቀጠሮ ይቀራል።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፤ ይህን የምለው እርስዎ የሰው ኃይል ኃላፊ ስለሆኑ ነው። የምርመራው ውጤት በስም ወደ እርስዎ ቢሮ መምጣት የለበትም። ነርሷ ለእርስዎ የምትሰጠው ቁጥር ብቻ ይሁን፦ ስንት ተለካ፣ ስንት ግፊት ተገኘበት፣ ስንቱ በክትትል ላይ አለ። ሠራተኛው ስኳር አለበት ተብሎ ዕድገት ወይም ውል ማደስ እንዳይከለከል ከፈራ አይለካም፤ ቢለካም መድኃኒቱን ይደብቃል። ይህ ፍርሃት መሠረት እንደሌለው በቃል ማረጋገጥ አይበቃም፤ መዝገቡ በነርሷ እጅ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አሠራር ያብጁ።

ሦስተኛው የሠራተኞች ክበቡ ወጥ ቤት ነው፤ ለሁሉም ሠራተኛ በእኩል የሚደርስ ለውጥ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ወጥ ቤት ቁሜ የምሳ ጨው መዝኜ ነበር። 170 ሰው ይመገብ ነበር፤ ወጥ ሠሪዋ ባለ አንድ ኪሎ ጨው ከፍተው ጀመሩ፤ ምሳው ሲያልቅ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው 150 ግራም ነው። ለአንድ ሰው 5 ግራም ደረሰው ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። «እትዬ፣ ሽሮው ሲመጠን ጨው ይገባዋል አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይገባዋል እንጂ፤ በርበሬውም አለው፤ እኔ ላይ ላዩን ነው የምጨምረው» አሉኝ። ያ አምስት ግራም እንግዲህ ላይ ላዩን የተጨመረው ብቻ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ሦስት ወር ሲሆናቸው ምሳው አልጣፈጠም ያለ ሰው አልነበረም፤ ምላስ ቀስ በቀስ የተቀነሰን ጨው ይለምዳል። ወጥ ሠሪዋን በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን እንዲሠሩ ያድርጓቸው፤ ሥራው የእሳቸው መሆኑንም አክብረው ይንገሯቸው።

ዘይቱም እንዲሁ ነው። ከፓልም የሚሠራው የሚረጋ ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ስለሆነ፣ በጀቱ በቻለ መጠን በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ይተካ፤ መጠኑም ይቀነስ፤ የጾም ወጥ ጤናማ ነው እያልን በዘይት እናጠግበዋለን። ጎመንና ሰላጣ በየቀኑ ይኑር። በስብሰባ ላይ ለስላሳ ማቅረብ ይቅር፤ አንዱ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል።

የክብደት ውድድሩን ግን ጨርሰው ይተዉት። በአካባቢያችን ያለው የስኳር በሽታ ሁሉ ከውፍረት የሚመጣ አይደለም። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ገጠሮች የተሠሩ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ወጣት ታካሚዎች ብዙ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ መኖሩንም ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዓይነት እውቅና ሰጥቶታል። ውኃ እየጠማው፣ ሽንት እየበዛበት፣ ሳያስበው ክብደቱ የሚቀንስ ሠራተኛ የሕመሙ ምልክት ነው የታየበት፤ በእርስዎ ውድድር ግን አንደኛ ወጥቶ ሊሸለም ይችላል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱ የለንደን አውቶቡስ ሹፌሮች፣ ደረጃ እየወጡ ትኬት ከሚቆርጡት ባልደረቦቻቸው ይልቅ በልብ በሽታ ሲጎዱ ታይቷል። ልብን የጠበቀው በሥራው ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ነው። በማምረቻው ክፍል ቀኑን ሙሉ ለሚለፋ ሠራተኛ የጂም ካርድ አይጠቅመውም፤ ለሹፌሮች፣ ለሂሳብና ለጽሕፈት ሠራተኞች ግን ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ በእግር የሚሄዱበት ጊዜ ቢፈቀድ ይጠቅማል። በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ፣ እሱን ማስከበር ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወቅት ደግሞ ነርሷ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱትን አስቀድማ አንድ በአንድ ታነጋግራቸው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ማሽን ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ ስለ ጾሙ ደግሞ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼሁን ቢያማክር ለሕመምተኛ የሚሆን መንገድ አይጠፋም።

ለሥራ አመራሩ ስለ ገንዘቡ ሲያቀርቡ እውነቱን ያስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወጪው አይቀንስም፣ ይጨምራል። ሲለካ አዲስ ታካሚ ይገኛል፤ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ደረሰኝ ይበዛል። ፕሮግራሙ የሚያስቀረው ከዓመታት በኋላ ይመጣ የነበረውን ስትሮክና የኩላሊት እጥበት ነው፤ 240 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ደግሞ አንድ ከባድ ሕመም ብቻ የዓመቱን ሂሳብ ስለሚያዛባው፣ ዓመት ከዓመት የተወዳደረ ወጪ ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱን አይነግርዎትም። ስለዚህ ቃል የሚገቡት በሌላ መለኪያ ይሁን፦ ግፊት ከተገኘባቸው ሠራተኞች መካከል ከ12 ወር በኋላ ስንቶቹ በክትትል ላይ አሉ፣ የስንቶቹስ ግፊት ከ140 በ90 በታች ሆኗል? አማካሪውም በዚህ መለኪያ ለመመዘን ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁት፤ ከተስማማ አብሮ መሥራት ይቻላል።

በጀቱ ከሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ልኬታውን በሐምሌና በነሐሴ አድርገው፣ ነርሷ ከመስከረም ጀምሮ ክትትሉን ትያዝ። መለኪያውን ሲገዙ ትልቁን የክንድ ማሰሪያም አብረው ይግዙ፤ ክንዱ ወፍራም የሆነ ሠራተኛ በትንሹ ሲለካ የሌለ ግፊት ያሳያል።